ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ማን ይቀራል? የጤና አድቮኬሲ ድርጅት ለዓመታት መርቼ ስለቅ

ባለአደራዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በሕዝብ ጤና ላይ የሚሟገት ድርጅት ለረጅም ዓመታት መርቻለሁ። ዋናው ሥራችን ትምባሆ ነበር፤ ኋላ ላይ የምግብ ጉዳይም ተጨመረ። አሁን ወንበሩን አስረክቤያለሁ። ስለ ሥራው የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ስለሆኑ ሐሳቤን እዚህ ላስቀምጥ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካየሁት ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል ይህን እላለሁ። ድርጅቶቻችንን የምንገነባቸው ሕግ ለማስወጣት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት ግን ሕጉ ከወጣ በኋላ ነው።

ረቂቁ ለምክር ቤት ሊቀርብ ሲል ሁሉም ሰው አለ። ሐኪሞቹ አሉ። ጋዜጠኞቹ አሉ። ለጋሾች በየሳምንቱ ይደውላሉ። ድምፅ ይሰጣል፣ ሕጉ ይጸድቃል፣ ተቃቅፈን ፎቶ እንነሳለን። ደስታው የእውነት ነው፤ ማንም እንዲያሳንሰው አልፈልግም። ከዚያ ግን ለጋሹ «ግቡ ተመትቷል» ብሎ ፕሮጀክቱን ይዘጋል። የባለሙያዎቹ ኮንትራት ያልቃል። ጋዜጠኛው ሌላ ዜና አለበት። የማይበተነው አንድ ወገን ብቻ ነው። ሕጉ ገቢውን የሚነካበት ኩባንያ ጠበቆቹን ይዞ እዚያው ይቆያል።

የሚቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጅ ብቻውን ብዙ አይሄድም፤ ደንብና መመሪያ ይፈልጋል። ማስጠንቀቂያው የፓኬቱን ስንት በመቶ ይሸፍን? ሥዕሉ በየስንት ጊዜ ይቀየር? አሮጌው ክምችት እስከ መቼ ይሸጥ? ጥሰት ሲገኝ ማን ይቀጣ፣ ሻጩ ወይስ አምራቹ? እነዚህ ጥያቄዎች ዜና አይሆኑም፣ አዳራሽም አይሞሉም። ነገር ግን ጥሩ አዋጅ በደካማ መመሪያ ሲመክን አይቻለሁ። የሽግግር ጊዜ «ለዝግጅት» ተብሎ ሲራዘም፣ ደግሞ ሲራዘም፣ በመጨረሻ ማንም የማይጠይቀው ነገር ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ።

ኒውዚላንድን ተመልከቱ። በ2022 መጨረሻ ዓለምን ያስደነቀ ሕግ አወጣች። ከ2009 መጀመሪያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ትምባሆ ዕድሜውን ሙሉ እንዳይሸጥለት የሚከለክል ነበር። ምርጫ መጣ፣ መንግሥት ተቀየረ። በ2024 መጀመሪያ ክልከላው ገና ሥራ ላይ ሳይውል ሕጉ ተሻረ። በሙያችን ያለን ሰዎች በዓለም ዙሪያ ስናከብረው የነበረ ድል ነው።

ሌላው ደግሞ ኡራጓይ። ማስጠንቀቂያው የፓኬቱን 80 በመቶ እንዲሸፍን አደረገች። የሲጋራ አምራቹ ፊሊፕ ሞሪስ በ2010 ለዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ከሰሳት። ውሳኔው የወጣው በ2016 ነው። ኡራጓይ ረታች፤ ኩባንያው ከክርክር ወጪዋ 7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላት ታዘዘ። እኔን የሚይዘኝ ግን የመሐሉ ዘመን ነው። ከክሱ እስከ ውሳኔው ያሉትን ዓመታት ጠበቃ ከፍሎ፣ ማስረጃ ሰብስቦ፣ ሚኒስትር ሲቀያየር ፋይሉን ይዞ መቆየት ቀላል አይደለም። ኡራጓይ የውጭ በጎ አድራጊ ድጋፍ አግኝታለች። ሁሉም አገር ያን ያገኛል ማለት አይቻልም።

«ማስረጃ ካለ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል እምነት ይዘው ወደዚህ ሥራ የሚመጡ አሉ። በተለይ ከሕክምና የሚመጡት። ሲጋራና የሳንባ ካንሰርን ያገናኘው የብሪታንያ ተመራማሪዎቹ የዶልና የሂል ጥናት የታተመው በ1950 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም፣ የሰርጅን ጄኔራሉ፣ ሪፖርት በ1964 ወጣ። ዓለም አቀፉ የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት የጸደቀው ግን በ2003 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ማስረጃ ጠፍቶ አይደለም። በ1969 የተጻፈ የአንድ ትምባሆ ኩባንያ የውስጥ ማስታወሻ «ጥርጣሬ ምርታችን ነው» ይላል። እንዲህ ለተደራጀ ጥርጣሬ ሌላ ጥናት ጨምሮ መልስ መስጠት አይበቃም። ማስረጃውን በየዓመቱ፣ ለአዲስ ሹም ሁሉ፣ እንደ አዲስ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደሞዝ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ስለ ምስጋና ነው። ሕግ እንዲጸና ባለሥልጣኑ የራሱ አድርጎ ሊያየው ይገባል። ስለዚህ ድሉን ለእሱ ትሰጣላችሁ፣ ከመድረክ ወረድ ብላችሁ ትቆማላችሁ። ለለጋሽ የምትልኩት ሪፖርት ግን «የእናንተ ድርሻ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ድርሻችሁን አጉልታችሁ ብትጽፉ ያ ጽሑፍ አንድ ቀን ይወጣል። «ሕጉን የጻፈው ድርጅት ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው» ተብሎ በፓርላማ ይነበባል። አሳንሳችሁ ብትጽፉ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ይቀራል። በዚህ ጉዳይ ለለጋሾች የምለው አለ። ድርሻ መለካቱን ቀንሱና ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ላለው ጊዜ ገንዘብ መድቡ። እኔ ሳውቅ የድርጅቶችን ዕድሜ የሚያሳጥረው ከሁሉ በላይ የዚህ ገንዘብ አለመኖር ነው።

—

አዲስ ተሿሚ፦

እናመሰግናለን እርስዎን። እኔ በቅርቡ ተመሳሳይ ድርጅት እንድመራ ተሹሜያለሁ፤ የጻፉትን ሳነብ ስለ እኛ ቢሮ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ሕጋችን ጸድቋል፣ መመሪያው ገና ነው፣ ለጋሹም ሊወጣ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ገንዘብ ሲጠፋ «የኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት ፈንድ አለ፣ ለጤና ትምህርት ብቻ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚሉ የቦርድ አባላት አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሠራተኛ እንዳይበተን ፈርተው ነው። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

—

ባለአደራዋ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ደሞዝ የማይከፈልበትን ወር ማሰብ ራሱ ያስጨንቃል። ግን አይሆንም በያቸው፤ ምክንያቱንም አስረጃቸው።

የማዕቀፍ ስምምነቱን አንቀጽ 5.3 አሳያቸው። ስምምነቱ 183 አባል ወገኖች አሉት። መንግሥታት የጤና ፖሊሲያቸውን ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንዲጠብቁ ያዛል። ባለሥልጣኑን «ከእነሱ ራቅ» ብለን የምንሟገተው በዚህ አንቀጽ ነው። እኛው ገንዘባቸውን ከተቀበልን በየትኛው አፋችን እንናገራለን? በ2017 አንድ የትምባሆ ኩባንያ በዓመት 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊሰጥ ቃል ገብቶ «ከጭስ ነጻ ዓለም» የሚል ስም ያለው ፋውንዴሽን ተቋቁሞ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መንግሥታትም የጤና ማኅበረሰቡም አብረውት እንዳይሠሩ ወዲያው ጠየቀ። ዓላማው በወረቀት ላይ ሲነበብ ያማረ ነበር። ጥያቄው ግን ዓላማው አልነበረም፤ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ የሚለው ነው።

ለቦርዱ በጽሑፍ አቅርቢው። «ከእነዚህ ዘርፎች ገንዘብ አንቀበልም» የሚል ፖሊሲ ገንዘብ ሳይቸግር ነው መጽደቅ ያለበት። ችግር ከመጣ በኋላ ውይይቱ ስለ መርህ መሆኑ ይቀርና ስለ ደሞዝ ይሆናል።

—

ሒሳብ ሠሪ፦

የታክስ ሰው ነኝ፤ ከገንዘብ ሚኒስቴር ወገን ተቀምጬ እንደናንተ ዓይነቱን ድርጅት ብዙ አስተናግጃለሁ። ባለአደራዋ ያለችው በታክስ ላይ በደንብ ይታያል።

የትምባሆ ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው ሀብታም አገሮች ውስጥ በ4 በመቶ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ደግሞ በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ሁሉም ተሟጋች ያውቃል። የሚረሳው ቀጥሎ ያለው ነው። ታክሱ «በፓኬት ይህን ያህል» ተብሎ በቁርጥ ከተጻፈ የዋጋ ግሽበት ይበላዋል። ማንም ሕጉን ሳይነካው ከዓመታት በኋላ ሲጋራው ከገቢ አንጻር ተመልሶ ይረክሳል። ኢንዱስትሪው ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል።

ፊሊፒንስ በ2012 ያወጣችውን ሕግ የምወደው ለዚህ ነው። ታክሱ ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ 4 በመቶ እንዲጨምር እዚያው ሕጉ ውስጥ ተጻፈ። ከገቢው ትልቁ ድርሻ ደግሞ ለጤና፣ በተለይም ለድሆች የጤና መድን እንዲውል ተደረገ። ይህ ማለት ታክሱ ጠባቂ አገኘ ማለት ነው። ልቀንሰው የሚል ፖለቲከኛ የመድኑን ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ መመለስ አለበት።

ዴንማርክ ደግሞ በተቃራኒው። የስብ ታክስ በ2011 ጀመረች፣ ከ2013 መግቢያ ላይ ተወችው። ሰው ድንበር ተሻግሮ ይገዛል ተባለ፣ ነጋዴው አሠራሩ ከበደኝ አለ፣ ተነሥቶ የሚከላከልለት ጠንካራ ወገን ግን አልነበረም። ያቺው ዴንማርክ እኮ በ2003 በፋብሪካ የሚረጋውን ጎጂ ስብ፣ ትራንስ ፋትን፣ በሕግ ገድባ ለዓለም ምሳሌ የሆነች አገር ናት። ያኛው እስከ ዛሬ አለ።

—

የራሴ ምርጫ፦

በቅንነት የምጠይቀው ጥያቄ ነው። ልጆችን መጠበቅ ይገባኛል። ግን አዋቂ ሰው ጉዳቱን እያወቀ ቢያጨስ ወይም ጣፋጭ ቢጠጣ የራሱ ጉዳይ አይደለም? ታክሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ ድሃውን ነው የሚነካው። የጤና ሰዎች ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ የኩባንያ ወገን አድርጋችሁ ታዩናላችሁ።

—

የፈረቃ ነርስ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኔም በሥራ ላይ ሆኜ አስቤበታለሁ። ሳንባ ክፍል ነው የምሠራው። የማገኛቸው አጫሾች አብዛኞቹ የጀመሩት በልጅነት ነው። ያኔ መርጠዋል ማለት ይከብደኛል። አሁን ደግሞ ለማቆም ብዙ ጊዜ ሞክረው ያልቻሉ ናቸው። ኒኮቲን ሱስ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ደግሞ ሁሉም ነገር የግል ምርጫ አይደለም። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበትን ቤንዚን አስታውስ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በመላው ዓለም መኪና ይተፋው ነበር። መርዙን የሚተነፍሰው ልጅ ምን ምርጫ ነበረው? የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2002 ዘመቻ ሲጀምር ከ100 በላይ አገሮች ገና ይሸጡት ነበር። የመጨረሻዋ አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ጥሩ ምርጫ ስላደረገ የሚቀየር ነገር አልነበረም።

—

ባለአደራዋ፦

የራሴ ምርጫ፣ ስለ ድሃው ያነሳኸው ትልቅ ነገር ነው፤ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ዋጋ ሲጨምር ቶሎ የሚያቆመው ወይም የሚቀንሰው አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው። በበሽታው ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም እሱ ስለሆነ ከጥቅሙም ብዙ ያገኛል። ማቆም ያቃተው ግን አለ። ለእሱ ታክስ ብቻ ጨምሮ ዝም ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ሱስ ለማቆም የሚረዳ ሕክምናና ምክር ከታክሱ ጋር አብሮ እንዲመጣ መሟገት አለብን። ብዙ ድርጅት ታክሱን ይጠይቃል፣ ሕክምናውን ያነሳና ድርድር ሲጠነክር ይተወዋል። እኔ ሁለቱን ማለያየት አልወድም።

—

ሳንባዬ፦

እኔ አጫሽ ሆኜ አላውቅም። እንግዳ በሚስተናገድበት ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ በሰው ጭስ ነው የታመምኩት። አሁን ደረጃ መውጣት ያቅተኛል።

አንድ ድርጅት ጠርቶኝ በጉባኤ ላይ ተናግሬያለሁ። ሰው አለቀሰ። አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ሲረቀቅ የጠራኝ የለም። የሠራተኛ መጠበቂያው አንቀጽ እንዴት መጻፍ እንዳለበት እኔ አውቅ ነበር። የተከለለ የማጨሻ ክፍል ይፈቀድ ሲባል፣ ያን ክፍል የሚያጸዳው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ለመሪዎች ይህን ማለት ፈልጌ ነው።

—

ባለአደራዋ፦

እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልሽ እህቴ። የጻፍሽውን ደግሜ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

የምትዪው ነገር በተግባር የተረጋገጠ ነው። አየርላንድ በ2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በተዘጉ የሥራ ቦታዎች ማጨስን ከሁሉ አገር ቀድማ ስትከለክል፣ መከራከሪያው የደንበኛው ጤና ብቻ አልነበረም። ዋናው የሠራተኛው ጤና ነበር። «ደንበኛው ካልፈለገ አይምጣ» ለሚል ሰው መልስ አለው፤ ሠራተኛው እንጀራው ነውና መምጣት አለበት። ይህን ክርክር ከሠራተኛው በላይ የሚያውቀው የለም። የሌላ ሰው ጭስ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎችን እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። እነዚህ ሰዎች ረቂቁ ላይ ሲጠየቁ አይታይም።

በደቡብ አፍሪካ በ1998 የተመሠረተውን፣ ለኤች አይ ቪ ሕክምና የሚሟገተውን የትሪትመንት አክሽን ካምፔይን አሠራር ብዙ ጊዜ አነሳለሁ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ስለ ቫይረሱና ስለ መድኃኒቱ በጥልቀት ተማሩ፤ ከዚያ ሌላውን አስተማሩ። ሰልፍ ወጡ፤ ፍርድ ቤትም ሄዱ። በ2002 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከለውን መድኃኒት ኔቪራፒን መንግሥት በሕዝብ ጤና ተቋማት እንዲያቀርብ ወሰነ። ታማሚው እዚያ ምስክር ብቻ አልነበረም፤ መሪም ነበር። ውሳኔው ከወጣ በኋላም አልተበተኑም፤ ጉዳዩ የራሳቸው ሕይወት ነዋ። ፕሮጀክት ሲዘጋ የማይሄድ ሰው ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ አዲስ ተሿሚ፣ ቦርድሽ ውስጥ በጉዳዩ የተጎዳ ሰው ከሌለ ከዚያ ጀምሪ። ለጌጥ አይሁን። ድምፅ ያለው፣ የስብሰባው ሰነድ ቀድሞ የሚደርሰው አባል ይሁን።

—

የዜና ሰው፦

ከጋዜጠኛ ወገን አጭር ነገር ልጨምር። ዜናው እየተጻፈ አስተያየት ስንጠይቅ የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ወዲያው ይመልሳል። የጤና ድርጅቱ «ዳይሬክተሯ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በደብዳቤ ጠይቁ» ይላል። ደብዳቤው ሲመለስ ዜናው አንድ ወገን ይዞ ወጥቷል። ስልክ የሚያነሳና ያለ ፈቃድ መናገር የሚችል አንድ ሰው ይኑራችሁ። ሕጉ ከጸደቀ በኋላም ደውሉልን። ቁጥጥር እየተደረገ መሆኑን፣ የት እየተጣሰ እንደሆነ፣ ማን እንደተቀጣ ብትነግሩን እንጽፈዋለን። የምትደውሉልን በትምባሆ ቀን ብቻ ነው።

—

አዲስ ተሿሚ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ ባለአደራዋ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ለጋሹ ሲወጣ የምይዘው ሰው ከእጅ ጣት አይበልጥም። ሁሉንም ማድረግ አልችልም። ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ልተው?

—

ባለአደራዋ፦

የምትተዪውን ልንገርሽ መጀመሪያ። ትልልቅ ጉባኤዎችን ተዪ። ለዕለታት መታሰቢያ የሚታተመውን ቲሸርትና ባነር ተዪ። የማይነበበውን ወፍራም ዓመታዊ መጽሔትም ተዪ።

የሕግ ባለሙያሽን ግን በምንም ምክንያት አትልቀቂ። ሙሉ ደሞዝ ካልቻልሽ በከፊል ጊዜ ያዢው። መመሪያውን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያነብልሽ፣ ክስ ሲመጣ ከመንግሥት ጠበቆች ጋር የሚቀመጥ እሱ ነው። ሁለተኛ ሰው ካለሽ ቁጥጥሩን የሚከታተል ይሁን። ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ይውጣ፣ ያየውን ይጻፍ፣ ፎቶና ቀን ይያዝ። መንግሥትን ለማሳጣት አይሁን። ተቆጣጣሪው ራሱ ብዙ ጊዜ መኪና የለው፣ በጀት የለው፣ የሚያግዘው ይፈልጋል። የሰበሰብሽው መረጃ ለእሱ የበጀት ጥያቄ ማስረጃ ይሆነዋል።

ከዚያ መዝገብ ያዢ። የትኛው ባለሥልጣን ምን ቃል ገባ፣ ከኢንዱስትሪው ጋር የተደረገ ስብሰባ መቼ ይፋ ሆነ፣ የትኛው ጥያቄ ምን መልስ አገኘ። ሹም ሲቀየር አዲሱ ምንም ሳያውቅ ይመጣል። ኩባንያው ፋይሉን ይዞ ቀድሞሽ ቢሮው ይገባል። አንቺም ፋይል ይኑርሽ። መዝገቡ በአንቺ ኮምፒውተርና በአንቺ ጭንቅላት ብቻ እንዳይቀር፤ ታመሽ ብትተኚ ምክትልሽ ነገ ጠዋት ይዛው መሄድ የምትችል መሆን አለባት።

የጡት ወተት ተኪዎች፣ ማለትም የሕፃናት የዱቄት ወተትና መሰሎቹ፣ ግብይት ደንብን አስቢ። በ1981 በዓለም ጤና ጉባኤ 118 አገሮች ደግፈውት፣ አንዲት አገር ብቻ ተቃውማው ነው የጸደቀው። እንዲያ ባለ ድምፅ የጸደቀ ነገር እንኳ እስከ ዛሬ በየአገሩ ጥሰቱን የሚመዘግቡ ሰዎች ያስፈልጉታል። አብዛኞቹ ትናንሽ ቡድኖች ናቸው። ከአንቺ ቢሮ ብዙም አይበልጡም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለጋሹ ሳይወጣ አሁኑኑ ጠይቂው። የመዝጊያ በጀት ከማለት የተፈጻሚነት መከታተያ በጀት በይው፤ መመሪያው እስኪወጣና የመጀመሪያው የቁጥጥር ዓመት እስኪያልቅ። ሒሳብ ሠሪ ስለ ፊሊፒንስ የጻፈውን አያይዢበት፤ የሚገባቸው በቁጥር ሲሆን ነው።

የመመሪያው ረቂቅ ለአስተያየት ሲወጣ ለእኔም ላኪልኝ። የሽግግር ጊዜውን አንቀጽ አስቀድሜ አየዋለሁ።

—

አዲስ ተሿሚ፦

እልካለሁ እትዬ። ረቂቁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል ተብሏል። ሳንባዬ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ለአንቺም በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ የማጨሻ ክፍሉን አንቀጽ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል።

—

ሳንባዬ፦

ላኪው። እኔም አንድ አብራኝ የሠራች ጓደኛ አለችኝ፣ እሷንም እጨምራለሁ።